«ረን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ማለቂያ የለውም እንዴ?

ንባብ_ወዳዷ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ ማንበብ እወዳለሁ፣ ብዙውን ጊዜም መዝገበ ቃላት ሳልከፍት ነው የምገፋው። የሚያስቸግሩኝ ረጃጅሞቹና ከበድ የሚሉት ቃላት አይደሉም። እነሱን አንዴ አይቶ መያዝ ይቻላል፤ ሌላ ቦታ ብታገኟቸውም ያው ናቸው። የሚያደክሙኝ ትንንሾቹ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ረን»።

ስንማር የተነገረን «ረን ማለት መሮጥ» ተብሎ ነው። እሺ። አሁን አንድ የእንግሊዝኛ ዜና ገጽ ብትከፍቱ ግን አንዱ ለፕሬዚዳንትነት «ረን» ያደርጋል፣ አንዷ ትልቅ ኩባንያ «ረን» ታደርጋለች፣ ወንዙ በሁለት አገሮች መካከል «ረን» ያደርጋል፣ ሆስፒታሉ መድኃኒት «ረኒንግ አውት» ነው (እያለቀበት ነው)፣ ስብሰባው «ራን ሌት» (ከሰዓቱ አለፈ)፣ ጋዜጣው ራሱም ታሪኩን ትናንት «ራን» አድርጎታል (አውጥቶታል)። የሚሮጥ ሰው ግን በገጹ ላይ አንድም የለም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ እናንተ እንዴት ያዛችሁት? ዝርዝሩን መሸምደድ ነው ወይስ ሁሉንም የሚያያይዝ አንድ ክር አለው?

የድሮ_መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ክር አለው። ክሩን ለማግኘት ግን ሰው ሲሮጥ የሚያሳየውን ሥዕል ለጊዜው ከጭንቅላትሽ አውጪው።

በድሮው እንግሊዝኛ የቃሉ አንዱ ቅርጽ «ሪናን» ነበር። መሮጥ ብቻ ሳይሆን መፍሰስም ማለት ነበር። ጀርመንኛ ዛሬም ሁለቱን ለያይቶ ይዟቸዋል፤ «ሬነን» መሮጥ ነው፣ «ሪነን» ደግሞ ውሃ ኮለል ብሎ ሲወርድ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ጠቀለላቸው። ስለዚህ ቧንቧ ወይም አፍንጫ «ረን» ሲያደርግ ከሩጫ የተዋሰ አነጋገር እንዳይመስልሽ። ፍሰት ድሮም የቃሉ ትርጉም ነበር።

ከፍሰት ከተነሳሽ ብዙው ይገባሻል። ወንዝ ይፈሳል። መንገድና አጥር ባይንቀሳቀሱም ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተላቸዋል፣ ስለዚህ መንገድም «ረን» ያደርጋል። ጊዜም እንደዚያው ነው፤ ውል ለሦስት ዓመት «ረን» ያደርጋል ሲባል እስከዚያ ይጸናል ማለት ነው። ቴያትር መድረክ ላይ የሚቆይበት ዘመንም «ረን» ይባላል። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሚታይ አንድ ቴያትር አለ፣ በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ተቋርጦ በኋላ ቀጥሏል። ያ ሁሉ ዘመን እንግዲህ የቴያትሩ «ረን» ነው። ማሽን ሲመጣ ደግሞ ቃሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ሰዓት፣ ባቡር፣ ሞተር፣ ፋብሪካ ሁሉም «ረን» ያደርጋሉ። ማሽኑ «ረን» ካደረገ፣ የሚያንቀሳቅሰው ሰውም ማሽኑን «ረን» ያደርገዋል። ከዚያ ኩባንያ ማስተዳደር፣ አገር ማስተዳደር ድረስ ሄደ።

ስለዚህ ውስጡ ያለው ነገር «ሳይቋረጥ መሄድ» ነው። ፍጥነት የግድ አይደለም።

ቁጥር ከፈለግሽ፣ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ግሥ እንደገና ሲሠሩት 645 ትርጉም ለይተውለታል። ግሡ ብቻ ነው፣ ስሙ አልተቆጠረም። ሥራውን የያዘው ፒተር ጊሊቨር የሚባል አዘጋጅ ሲሆን ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል።

ዝምተኛው

645??? እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው በትርጉም ብዛት አንደኛው ማስቀመጥ የሚለው «ሴት» ነው ሲባል ነው።

የድሮ_መምህር

እሱም ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ላይ ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሴት» ነው፤ ግሡ ወደ 430 ትርጉም ነበረው፣ ማብራሪያው ብቻ ወደ 60,000 ቃላት ይደርሳል። ይኼ እንግዲህ አንድ መለስተኛ መጽሐፍ ማለት ነው። «ረን» የቀደመው አዘጋጆቹ ለሦስተኛው እትም እንደገና ሲቆጥሩ ነው።

ኮድ_ጸሐፊ

መምህር ስለ ማሽን ያነሱት ነገር በጣም ትክክል ነው፣ እኔ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ነው። እኛ ዘንድ ቃሉን ማንም አይተረጉመውም፣ «ስክሪፕቱን ረን አድርገው»፣ «ሰርቨሩ ረን እያደረገ ነው» ተብሎ ያልፋል። ግን ልብ ካላችሁ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማስጀመር ነው፤ አንድ ጊዜ ትጫነዋለህ፣ ሥራውን ጨርሶ ይቆማል። ሁለተኛው ሁኔታ ነው፤ ሰርቨሩ ተነስቷል፣ በሕይወት አለ፣ ጥያቄ ይጠብቃል። አዲስ ልጆች የሚደናገሩት እዚህ ጋ ነው። «ረን አድርጌዋለሁ» ይሉሃል፣ «ረን እያደረገ ነው?» ስትላቸው ለካ ከተነሳ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ወድቋል።

ሌላም አለ። ፕሮግራሙ ዊንዶውስ ላይ «ረን» ያደርጋል ሲባል አሁን እየሠራ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፣ መሥራት ይችላል ማለት ነው። መኪናው በናፍጣ «ረን» ያደርጋል ሲባልም እንደዚሁ፣ ቆሞም ቢሆን በናፍጣ የሚሠራ ዓይነት ነው ለማለት ነው።

ሁሉም ሰው ቢያውቀው የምመኘው ደግሞ «ድራይ ረን» ነው። ፋይሎችን በጅምላ የሚሰርዝ ትእዛዝ አለህ እንበል። በቀጥታ ከመልቀቅህ በፊት «ድራይ ረን» የሚለውን ምርጫ ትጨምርበታለህ፣ ያኔ ፕሮግራሙ የትኞቹን ፋይሎች ሊሰርዝ እንደነበር ስማቸውን አንድ በአንድ ይዘረዝርልሃል፣ አንዱንም ግን አይነካም። ዝርዝሩን አይተህ መሰረዝ የሌለበት ነገር ካለ ታስተካክላለህ። ከዚያ ነው እውነተኛው «ረን» የሚመጣው። ቃሉ ከኮምፒውተር ውጭም ይሠራል፣ ልምምድ ወይም የሙከራ ዙር ማለት ነው።

የማታ_ነርስ

እኔ ደግሞ ከበሽተኛ አፍ ልጨምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ታካሚ ገብቶ የሚናገረውን እንዳለ ልጻፍላችሁና እዩት፦ «ለሁለት ቀን ትኩሳት ረን እያደረግኩ ነው፣ አፍንጫዬ ረን ያደርጋል፣ ከትናንት ጀምሮ ዘ ረንስ ይዞኛል፣ በአጠቃላይ ረን ዳውን ሆኛለሁ።»

አራት «ረን» በአንድ ትንፋሽ። የመጀመሪያው ትኩሳት አለኝ ነው። ሁለተኛው ንፍጤ ይወርዳል። ሦስተኛው ተቅማጥ ነው። አራተኛው ዝያለሁ፣ አቅም አጥቻለሁ ማለት ነው። ሐኪሙ ደግሞ መልሶ «ጥቂት ምርመራዎች ረን እናደርጋለን» ይለዋል፣ አምስት ሆነ።

የምለው ነገር ቢኖር፣ እዚህ ላይ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። «ዘ ረንስ» እና «ረኒንግ ኖዝ» ሁለቱም ፈሳሽ ናቸው፣ የሚመሩህ ግን ወደተለያየ ምርመራ ነው። እኛ ቋንቋውን በመጽሐፍ ተምረን የገባን ሰዎች «ዘ ረንስ»ን ከሰው እስክንሰማው ድረስ አናውቀውም፤ የንግግር ቃል ስለሆነ ክፍል ውስጥ አያስተምሩትም። ጤና ሙያ ውስጥ ላላችሁ፣ ይህን አንዷን ዛሬውኑ ያዟት።

ቃል_ለቃል

ትርጉም ሥራ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ልከራከር። መምህር ያስቀመጡትን ክር አከብራለሁ፣ ለብቻው ለቆመው «ረን» በደንብ ይሠራል። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ንባብ_ወዳዷን የሚያደክማት እሱ ብቻ አይመስለኝም። የሚያደክሙት ከኋላ ሌላ ትንሽ ቃል የሚያስከትሉት ናቸው። እነሱ ላይ «ሳይቋረጥ መሄድ» የሚለው ሐሳብ ብዙ አያስኬድም።

«ረን ኢንቱ»ን ብቻ ውሰዱ። ከግድግዳ ጋር ከሆነ መላተም ነው። ከድሮ ጓደኛ ጋር ከሆነ ሳያስቡት መገናኘት። ከችግር ጋር ከሆነ ችግር ገጠመን ማለት ነው። ወጪው «ሚሊዮኖች ረን ኢንቱ ያደርጋል» ከተባለ ደግሞ ሚሊዮን ይደርሳል ማለት ነው። አራቱም ላይ «ረን» ያው ነው፣ «ኢንቱ»ም ያው ነው። የተለወጠው ከኋላ የመጣው ስም ነው።

«ረን ዳውን» ይብሳል። ባትሪ ከሆነ አለቀ። ሕንፃ ከሆነ ተጎሳቆለ። ሰው ሌላውን ሰው ከሆነ ወይ በመኪና ገጨው፣ ወይ አጥላላው፣ ወይ ደግሞ ሲፈልገው ቆይቶ አገኘው። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን የሚለይልህ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ነርሷ የጻፈችውን ሲጨመርበት እንግዲህ አስቡት።

እኔ የምመክረው ይኼን ነው። «ረን»ን ለብቻው አታጥኑት። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ረን» የሚያደርገው ማነው? ከኋላውስ ምን ተከተለው? መልሱ ዘጠና በመቶ እዚያ ነው። ጄ. አር. ፈርዝ የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1957 ቃል በሚውልበት ባልንጀራ ይታወቃል የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር፣ «ረን» ላይ በደንብ ታዩታላችሁ። ደብተራችሁ ላይ «ረን = መሮጥ፣ መፍሰስ፣ ማስተዳደር፣ መወዳደር» ብላችሁ ከምትደረድሩ «ረን ኤ ቢዝነስ»፣ «ረን ኤ ፊቨር»፣ «ረን ኤ ሪስክ» እያላችሁ ከነባልንጀራው ጻፉት።

ንባብ_ወዳዷ

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የቃል_ለቃል ምክር ወዲያው ጠቀመኝ። ግን ደብተሬ ላይ አንድ አልገባ ያለኝ አለ፣ «ኤ ረን ኦን ዘ ባንክ» የሚል። ባንኩ ላይ ሮጡ? ባንክ ዘረፉ ማለት ይሆን ብዬ ነበር፣ ከታሪኩ ጋር ግን አይሄድም።

ሒሳብ_ሹም

ይኼ የኔ ነው። ዘረፋ አይደለም። ገንዘብ ያስቀመጡ ሰዎች ባንኩ ሊወድቅ ነው ብለው ፈርተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ገንዘባችንን አምጡ ሲሉ ነው። እዚህ ላይ ሩጫው የእውነት ሩጫ ነው፣ መጀመሪያ የደረሰ ያወጣል፣ የዘገየ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

ክፉው ነገር ጤነኛ ባንክንም ሊጥል መቻሉ ነው። ባንክ የተቀመጠለትን ገንዘብ አብዛኛውን ለረጅም ጊዜ አበድሮታል፣ ካዝና ውስጥ ያለው ትንሽ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ከመጣ የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ ሰው ይወድቃል ብሎ ስለፈራ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2007 እንግሊዝ ውስጥ ኖርዘርን ሮክ በተባለው ባንክ በር ላይ ሰው ተሰልፎ የታየው ለዚህ ነበር። በማርች 2023 አሜሪካ ውስጥ ሲልከን ቫሊ ባንክ ላይ የሆነው ደግሞ ሰልፍ እንኳ አላስፈለገውም፣ በስልክና በኮምፒውተር በአንድ ቀን ብቻ 42 ቢልዮን ዶላር እንዲወጣ ተጠየቀ፣ በማግሥቱ ባንኩ ተዘጋ። ቃሉ ግን ያው «ረን» ነው።

የኛ ሙያ ሌሎችም አሉት። «ረን አፕ ኤ ቢል» ሲሉ ዕዳ ማጠራቀም ነው፣ ሳያስቡት እየጨመረ የሄደ ዕዳ። «ረን ኤ ዴፊሲት» ከገቢ በላይ እያወጡ መቀጠል ነው። ልብ በሉ፣ ማንም ጉድለት አልመኘም፣ ግን «ረን» ያደርገዋል፤ ትኩሳት «ረን» እንደሚያደርገው በሽተኛ ማለት ነው።

ዝምተኛው

«ረን ኤ ፊቨር» እና «ረን ኤ ዴፊሲት» አንድ ዓይነት መሆናቸውን አስቤው አላውቅም ነበር። ሁለቱም ላይ ሰውየው ይዞት የሚቆይ ነገር አለ። ግሩም ነው።

ሜዳ_ዳር

ስፖርቱን ረሳችሁት። ክሪኬት ውስጥ ነጥብ ራሱ «ረን» ይባላል። ሁለት መቺዎች ከሜዳው መሐል ወደ 20 ሜትር ገደማ ተራርቀው ይቆማሉ፣ ኳሷ ከተመታች በኋላ ሮጠው ቦታ ከተለዋወጡ አንድ «ረን» ተቆጠረላቸው። እስከዚህ ድረስ ሩጫ ነው። ነገር ግን ኳሷ መሬት ነክታ የሜዳውን ወሰን ካለፈች አራት «ረን»፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች ስድስት «ረን» ይሰጣቸዋል፣ ያኔ አንድ እርምጃም መራመድ አይጠበቅባቸውም። ቆመው ስድስት «ረን»! ቃሉ ከሩጫ ተነስቶ ሩጫውን ትቶት የሄደበት ቦታ ነው።

ቤዝቦልም «ረን» አለው፣ አራቱን ማዕዘን ዞሮ መነሻው ላይ የደረሰ ተጫዋች የሚያስቆጥረው። «ሆም ረን» ደግሞ ከሜዳ ወጥቶ ትልቅ ስኬት ማለት ሆኗል፤ አሜሪካኖች ስለ አንድ ጥሩ ንግግር «ሆም ረን» ነበር ይላሉ።

እግር ኳስ ላይም ሁለት ዓይነት ትሰማላችሁ። ተጫዋቹ ጥሩ «ረን» አደረገ ከተባለ ከተከላካይ ጀርባ ገባ። ቡድኑ ጥሩ «ረን» ላይ ነው ከተባለ ግን በተከታታይ እያሸነፈ ነው። ኮሜንታተሩ ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊላቸው ይችላል።

ቀጥተኛው

ይቅርታና እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ የሚታየኝ የቋንቋው ድህነት ነው። ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ ቃል ቢኖረው ምን ነበረበት? አማርኛ ፈሰሰ፣ ሠራ፣ አስተዳደረ፣ ተወዳደረ፣ አለቀ፣ ገጨ ብሎ ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። እነሱ ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከተው ተማሪ ያስጨንቃሉ።

ቃል_ለቃል

አይ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የራሳችንን ስለለመድነው ነው የማይታየን። ቆረጠ የሚለውን ውሰድ። ሥጋ ቆረጠ፣ ትኬት ቆረጠ፣ ተስፋ ቆረጠ፣ ቀን ቆረጠ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ደመወዙ ተቆረጠ፣ ቆርጦ ተነሳ። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «ተስፋ ቆረጠ»ን ሰምቶ ምን እንደሚያስብ ገምት፣ «ቆርጦ ተነሳ» ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ሊሆን ምንም አይቀረው። ገባ የሚለውንስ? ቤት ገባ፣ ነገሩ ገባኝ፣ ቃል ገባ። እኛ ስንናገረው አንዱም አይምታታብንም።

ደግሞ አንድ የሚገርመኝን ልንገርህ። እንግሊዝኛ በ«ረን» የሚሠራውን ብዙ ሥራ አማርኛ በሄደ ነው የሚሠራው። ሥራው እንዴት እየሄደ ነው እንላለን። ውይይት አካሄደ፣ ጥናት አካሄደ፣ ምርጫ አካሄደ። ማካሄድ እኮ ከሄደ የመጣ ነው። እነሱ ሮጡ፣ እኛ ሄድን፣ መንገዱ አንድ ነው። ስተረጉም «ረን» ለሚለው መጀመሪያ የማስበው ማካሄድን ነው፣ መሮጥን የማስበው በጣም አልፎ አልፎ ነው፣ ያውም የስፖርት ጽሑፍ ከሆነ።

የድሮ_መምህር

ቃል_ለቃል ጥሩ ብለሃል፣ ቅድም ስለ ክሩ ያነሳኸውም ሙግት ተገቢ ነው። እኔ ክሩን የምሰጠው ለማስታወስ እንዲረዳ ነው፣ አንተ ያልከውን ሥራ አይተካም።

ለቀጥተኛው አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ነገር የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። በላቲን መሮጥ «ኩሬሬ» ነው። ከዚያ ምን ወጣ? ትምህርት ላይ የምንለው ኮርስ። ካሪኩለም፣ መጀመሪያ ሩጫ ወይም የመሮጫ ሜዳ ማለት የነበረ። ሕንፃ ውስጥ የምንሄድበት ኮሪደር። የኤሌክትሪክ ከረንት። ገንዘብ ማለት የሆነው ከረንሲ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሮጥ። እኛው ራሳችን አማርኛ ስንናገር በየቀኑ የምንጠራቸው ናቸው፣ ሁሉም ግን ከአንድ የሩጫ ግሥ የወጡ ናቸው። ላቲኖችም ከሩጫ ተነስተው ውሃው፣ መንገዱ፣ ጊዜው ጋ ደርሰዋል።

ቀጥተኛው

ኮሪደርና ካሪኩለም አንድ ሥር አላቸው ሲባል ዛሬ ገና ሰማሁ። እሺ፣ ድህነት ያልኩትን አልደግመውም። ተማሪ ማስጨነቁ ግን አልቀረም።

ኮድ_ጸሐፊ

አሜሪካና እንግሊዝ የሚለያዩበትም አለ፣ ካነሳችሁት አይቀር። ለምርጫ መወዳደር አሜሪካ «ረን» ነው፣ እንግሊዞች ግን «ስታንድ» ይላሉ፣ ይቆማሉ። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይቆማል፣ ሁለቱም አንድ ወንበር ይፈልጋሉ። የሴቶች ስስ ካልሲ ላይ ክር ተመዞ ሽቅብ የሚሄደውን መስመርም አሜሪካኖች «ረን» ሲሉት እንግሊዞች «ላደር» ይሉታል። በምርጫ ምክትል ሆኖ አብሮ የሚወዳደረውን ደግሞ አሜሪካኖች «ረኒንግ ሜት» ይሉታል።

የማታ_ነርስ

«ረን አሞክ» የሚለውንስ? ከቁጥጥር ውጭ መሆን እንደሆነ ይገባኛል፣ «አሞክ» ግን እንግሊዝኛ አይመስልም።

የድሮ_መምህር

ልክ ነሽ፣ አይደለም። ከማላይ ቋንቋ የመጣ ነው፣ በንዴት ታውሮ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ሰው የሚገለጽበት ቃል ነበር። ዛሬ ልጆች ቤቱን ሲያተራምሱም ይባላል፣ ያን ያህል ለዝቧል።

«ረን ዘ ጎንትሌት» የሚባለውም እንዲሁ ከውጭ የገባ ነው። ጎንትሌት ስትይ የብረት ጓንት ነው፣ እዚህ ላይ ግን ጓንት የለም። ስዊድንኛ «ጋትሎፕ» የሚል ቃል ነበር፣ የመተላለፊያ ሩጫ እንደማለት። ያጠፋ ወታደር በሁለት ረድፍ በቆሙ ጓዶቹ መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል፣ ከግራም ከቀኝም እየደበደቡት። እንግሊዞች ቃሉን ወሰዱት፣ ድምፁ ጓንት ከሚለው ቃላቸው ጋር ስለተቀራረበ ቀስ በቀስ ወደዚያ አጣመሙት። አሁን በጋዜጠኞች ጥያቄ ተከብቦ የሚያልፍ ባለሥልጣን «ረን ዘ ጎንትሌት» አደረገ ይባላል።

ሒሳብ_ሹም

«ረን ኦፍ ዘ ሚል»ን ማንም አላነሳም። ተራ፣ እዚህ ግባ የማይባል ማለት ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ገና ጥሩው ከመጥፎው ያልተለየ ምርት ይባል ነበር። «ረን» እዚህ ላይ ፋብሪካው በአንድ ዙር ያወጣው ምርት ነው። መጽሐፍ ሲታተምም «ፕሪንት ረን» ይባላል፣ በአንድ ጊዜ የታተመው ብዛት።

ንባብ_ወዳዷ

ይኼን ሁሉ እየጻፍኩት ነው። እንደተባለው ከነባልንጀራቸው። አሁን ደግሞ ከደብተሬ የቀሩትን ልሞክራቸውና እናንተ አርሙኝ።

«ረን ኢት ባይ ሚ»፦ ከመወሰንህ በፊት ለኔ አሳየኝ።
«ረን አወይ»፦ መኮብለል።
«ረን ኤን ኤራንድ»፦ መላላክ፣ ትንንሽ ጉዳይ መፈጸም።
«ኢት ረንስ ኢን ዘ ፋሚሊ»፦ በዘር የሚተላለፍ።
«ረን ኤ ሬድ ላይት»፦ እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም። መብራቱን ማብራት?

ቃል_ለቃል

አራቱ ድንቅ ናቸው። የመጨረሻው ግን ቀይ መብራት ጥሶ ማለፍ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ልብ ማለት ያለብሽ፤ «ረን ኤ ማሽን» ብትይ ማሽኑን ታሠሪዋለሽ፣ «ረን ኤ ሬድ ላይት» ብትይ ግን መብራቱን ትጥሺዋለሽ። አቀማመጡ አንድ ነው፣ ሥራው ሌላ።

«ኢት ረንስ ኢን ዘ ፋሚሊ» ላይ ደግሞ አንድ ላክልበት። ለበሽታ ብቻ አይደለም። ድምፃዊነት፣ ቁመት፣ ግትርነት፣ ሁሉም ይገባል። «የቤተሰቡ ነው» ብትይ ከ«በዘር የሚተላለፍ» ይልቅ ብዙ ቦታ ይስማማል፤ ሁለተኛው የሐኪም ቃል ይመስላል።

ዝምተኛው

እኔም አንድ አለኝ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ። «ስሪ ዴይስ ረኒንግ» የሚል። ሦስት ቀን ሲሮጡ?

ሜዳ_ዳር

ሦስት ቀን በተከታታይ። ቅድም ቡድኑ ጥሩ «ረን» ላይ ነው ያልኩት ዘመድ ነው። ልብ በል፣ ሁልጊዜ ከቁጥሩ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ከፊት ካደረግከው ትርጉሙ ይሄዳል።

ንባብ_ወዳዷ

እሱን ጻፍኩ። ቀጣዩ ገጼ «ጌት» ነው፣ አዲስ ክር ልክፈትለት ወይስ እዚሁ ልቀጥል?

የድሮ_መምህር

አዲስ ክፈቺ ልጄ። እሱም ቀላል አይደለም።